የመርሳት በሽታና የአይጧ ምሥክርነት

በሥራችን ምክንያት ወደየቤታችሁ ስንመጣ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። «እናታችን ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ ጧት የነገርናትን ማታ እንደ አዲስ ትጠይቀናለች። ይህ እርጅና ነው ወይስ በሽታ? ወይስ አገሯን ለቃ በመምጣቷ ያደረባት ናፍቆት ነው?» ይሉናል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሐኪሞችንም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ልጆች በዕብራይስጥ ዜና «ሳይንቲስቶች የመርሳት በሽታን ምልክት በአይጥ ላይ አገኙ» የሚል ይሰሙና ለወላጆቻቸው ይነግራሉ። ወላጆችም «የአይጥ ነገር ለእናታችን ምኗ ነው?» ብለው ይገረማሉ። ቢገረሙ አይፈረድባቸውም። እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ይህ ምርምር ፊደል ላልቆጠሩና ዕብራይስጥ ለማያውቁ አዛውንቶቻችን በተለይ ሊጠቅም የሚችል ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለማስረዳት እንሞክራለን።

«ጃጁ» ብለን ከመተዋችን በፊት

በአገር ቤት አንድ ሽማግሌ ወሬ ሲደጋግሙና ሰው ሲረሱ «ጃጁ» ይባላል። የዕድሜ ነገር ነውና ማንም አይደነግጥም። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅና ጎረቤት ተጠጋግተው ስለሚኖሩ፣ አዛውንቱ መንገድ ቢጠፋባቸው እንኳ ያገኛቸው ሰው ሁሉ የማን አባት እንደሆኑ ያውቃልና እጃቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው ይመልሳቸዋል። እዚህ ግን ኑሮው ሌላ ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃውም በሩም አንድ ዓይነት ነው፤ ምድጃው የጋዝ ነው፤ ልጆች ሥራና ኡልፓን ይውላሉ። በአገር ቤት መንደሩ ይሸፍነው የነበረው መርሳት እዚህ ገሃድ ይወጣል፤ አደጋም ያመጣል።

በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አሎይስ አልዝሃይመር የተባለ ሐኪም በ1901 የ51 ዓመት ሴት ሕመምተኛ መጣችለት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሴትዮዋ የምትረሳው ከዕድሜዋ በላይ ነበር። በ1906 ስትሞት ሐኪሙ አንጎሏን በማጉያ መነጽር መረመረና ሁለት እንግዳ ነገሮች አየ። አንደኛው በነርቭ ሴሎች መካከል እንደ ዝቃጭ የተከማቸ ነገር ነው። ሁለተኛው በሴሎቹ ውስጥ እንደ ተወሳሰበ ክር የተቋጠረ ነገር ነው። ይህንኑ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረበ። በሽታውም በስሙ ተጠራ። ዝቃጩ አሚሎይድ ከሚባል ፕሮቲን፣ ክሩ ደግሞ ታው ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ መሆኑ የታወቀው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የዴሜንስያ ሕመምተኞች ነበሩ። ዴሜንስያ የብዙ በሽታዎች የወል ስም ነው፤ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው ግን ይኸው የአልዝሃይመር በሽታ ነው። በሌላ በኩል መርሳት ሁሉ ዴሜንስያ አይደለም። የሐዘንና የጭንቀት ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የጆሮ መድከምም ሰውን የረሳ ያስመስላሉ። እነዚህ ደግሞ መፍትሔ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ትልቅ ነገር ነው።

ወረቀትና እርሳስ ማንን ይፈትናሉ?

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብዛኛውን ጊዜ መርሳት የሚመረመረው በጥያቄና መልስ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት አንድ መፈተኛ አለ። በ1975 በአሜሪካ የወጣ ሲሆን የሚታረመው ከ30 ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ወቅቱ ምንድን ነው? ከ100 ላይ 7 እየቀነስክ ቁጠር፤ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብብ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ ይህን ሥዕል አስመስለህ ሣል፤ ይላል።

አሁን እንግዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያርሱና ከብት ሲጠብቁ የኖሩ፣ እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ አባት ፊት ይህ ወረቀት ሲቀርብ አስቡት። የዓመቱን ወራት 13 አድርገው የሚቆጥሩ ናቸው። በጁላይ ወር «ወቅቱ ምንድን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ «ክረምት» ብለው ይመልሳሉ፤ በአገራችን ዝናቡ የሚዘንበው ያን ጊዜ ነውና። አስተርጓሚው «ክረምት»ን «ሖሬፍ» ብሎ ቢተረጉመው በእሥራኤል ሐምሌ የቃጠሎ ጊዜ ነውና መልሱ ስሕተት ተብሎ ይመዘገባል። ሽማግሌው ግን አልተሳሳቱም። ዓረፍተ ነገር ጻፉ ሲባሉ ደግሞ አይጽፉም፤ መጻፍን ረስተውት አይደለም፣ መጀመሪያም አልተማሩትም።

ፈተናው በሁለት በኩል ይጎዳል። ጤነኛውን በሽተኛ ሊያደርግ ይችላል። በሌላ በኩል ሐኪሙ «እኚህ ሰው ያልመለሱት ስላልተማሩ ነው» ብሎ በሽታው እውነት እያለ ሊያልፈው ይችላል። ለዚህ ችግር ተብሎ የተዘጋጁ ሌሎች መፈተኛዎች አሉ። ለምሳሌ ልዩ ልዩ ባህልና ቋንቋ ላላቸው ሰዎች ታስቦ በአውስትራሊያ አገር በ2004 የወጣ አለ። ቢሆንም መፈተኛው ምንም ያህል ቢሻሻል አሁንም በቃልና በአስተርጓሚ በኩል የሚያልፍ ነው። ስለዚህ «ትምህርት ቤት ገብተሃል ወይ?» ሳይል፣ ቋንቋም ሳይጠይቅ በሽታውን የሚናገር ምሥክር ያስፈልጋል።

የነቀዙ ዱቄት

እንዲህ ያለውን ምሥክር ተመራማሪዎች ባዮማርከር ይሉታል። ከሰውነት ውስጥ ተለክቶ የበሽታን መኖር የሚያመለክት ነገር ማለት ነው። የስኳር በሽታን በደም ውስጥ ባለው ስኳር እንደምናውቀው መሆኑ ነው።

በአገራችን ነቀዝ ጎታ ውስጥ ሲገባ ጎታው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ እህሉም ሙሉ ይመስላል። ብልህ የቤት እመቤት ግን ከጎታው ሥር የሚራገፈውን ዱቄት አይታ ውስጡ እየተበላ መሆኑን ታውቃለች። ዱቄቱን ያየችው ቶሎ ከሆነ የተረፈውን እህል ታድናለች፤ ዘግይታ ከሆነ የሚቀራት ገለባ ነው። አንጎልም እንደ ጎታው ነው፤ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ከአንጎል ወደ ደም የሚራገፈውን ዱቄት ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። የአልዝሃይመር በሽታ መርሳት ከመታየቱ ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት በአንጎል ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። አንድን ሰው 20 ዓመት ሙሉ እየተከታተሉ ደሙን መውሰድ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ደሙ በተወሰደበት ቀን አንጎሉ ምን ይመስል እንደነበረ ማን ያያል? አይጥ የተፈለገችው እዚህ ላይ ነው። የአይጥ ዕድሜ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። በሰው ላይ 20 ዓመት የሚፈጀው ነገር በእሷ ላይ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልቃል። ደሟም አንጎሏም በአንድ ቀን ሊመረመር ይችላል።

በሽታው የሌለባትን አይጥ እንዴት ያሳምሟታል?

አይጥ ብታረጅም በተፈጥሮዋ የአልዝሃይመር በሽታ አይዛትም። የእሷ አሚሎይድ ከሰው አሚሎይድ በሦስት ቦታ ብቻ ይለያል፤ ያች ጥቂት ልዩነት ግን እንዳይከማች ታደርገዋለች። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሽታው በዘር የሚተላለፍባቸውን ጥቂት ቤተሰቦች አጠኑ። እነዚህ ቤተሰቦች ገና በጎልማሳነታቸው የሚታመሙ ናቸው። የበሽታውን ምክንያት የያዘውን የሰው ጂን ወስደው በአይጥ ፅንስ ውስጥ ጨመሩት። በ1995 በካሊፎርኒያ የነበሩ ተመራማሪዎች አንጎሏ ውስጥ የሰው ዓይነት ዝቃጭ የሚከማችባትን አይጥ አሳዩ። በማግሥቱ ዓመት በ1996 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካረን ሺያዎ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሌላ ዓይነት አይጥ አወጡ። የእሷ ጂን የመጣው ከአንድ የስዊድን ቤተሰብ ነው። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች የሚሠራባቸው አይጦች የእነዚህ ተከታዮች ናቸው።

«አይጥ መርሳቷ እንዴት ይታወቃል? ማን ይጠይቃታል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በብሪታንያ ሪቻርድ ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪ በ1981 ያወጡት ዘዴ አለ። ክብ የውኃ ገንዳ ውስጥ ከውኃው በታች የተደበቀ መቆሚያ ይደረጋል። መቆሚያው እንዳይታይ ውኃው በወተት ወይም በሌላ ነገር ይደፈርሳል። አይጧ ስትዋኝ መቆሚያውን ታገኝና ትወጣበታለች። በየቀኑ ሲደጋገም ጤነኛዋ በግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች እያየች ቀጥታ ትሄዳለች። የታመመችው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ትዞራለች። ልብ በሉ! ለአይጧ ቋንቋ የማይጠይቅ፣ በምታውቀው ነገር የሚፈትን መፈተኛ ተበጅቶላታል። ለአዛውንቶቻችንም የምንመኘው ይህንኑ ነው።

አይጧ ምን መሰከረች?

ከብዙዎቹ ሥራዎች ሁለቱን እንጥቀስ።

በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሆልትስማንና ባልደረቦቻቸው በ2002 አንድ ነገር አሳተሙ። በታመሙት አይጦች ደም ውስጥ ያለውን አሚሎይድ እንዲሁ ሲለኩት በአንጎል ውስጥ ስላለው ዝቃጭ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ከዚያም አሚሎይድን አጥብቆ የሚይዝ አንቲቦዲ በመርፌ ሰጧቸው። አንቲቦዲው እንደ ወጥመድ ሆኖ ከአንጎል የሚወጣውን አሚሎይድ በደም ውስጥ ያዘው። ያን ጊዜ የደሙ መጠን ከአንጎሉ ዝቃጭ ብዛት ጋር ገጠመ። ደም ስለ አንጎል መመስከር እንደሚችል አይጧ አሳየች ማለት ነው። በሰው ላይ የተሄደበት መንገድ ሌላ ነበር። በ2017 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ራንዳል ቤትማንና ባልደረቦቻቸው፣ አንቲቦዲ በሰው ላይ ሳይወጉ፣ በጣም ረቂቅ በሆነ መሣሪያ የሁለት ዓይነት አሚሎይዶችን ሚዛን ከሰው ደም መለካት እንደሚቻል አሳዩ።

ሁለተኛው ሥራ የተሠራው አልዝሃይመር ግኝቱን ባቀረበበት በዚያው በቱቢንገን ከተማ፣ ከ110 ዓመት በኋላ ነው። ማቲያስ ዩከር የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2016 ስለ ኒውሮፊላመንት አሳተሙ። ኒውሮፊላመንት የነርቭ ሴልን እንደ ጎጆ ማገር ደግፎ የሚይዝ ቀጭን ክር ነው። ሴሉ ሲጎዳ ማገሩ ይሰበርና ስብርባሪው ወደ ደም ይገባል። የነቀዙ ዱቄት ያልነው እንዲህ ያለውን ነው። በአይጦቹ አንጎል ውስጥ ዝቃጩ በበዛ መጠን ይህ ስብርባሪ በደማቸው ውስጥ ጨመረ። ዝቃጩን የሚቀንስ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ የስብርባሪው መጨመር ረገብ አለ። በ2019 ይኸው ነገር በሽታው በዘር በሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች ላይ ታየ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው የኒውሮፊላመንት አጨማመር ምልክት ከመታየቱ ከ16 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። ነገር ግን ይህ ዱቄት ማገር መሰበሩን እንጂ ማን እንደሰበረው አይናገርም። በአንጎል ደም መፍሰስና በሌሎች የነርቭ በሽታዎችም ይጨምራል።

አይጧ የምታሳስትበትም ጊዜ አለ

በአገራችን ዳኝነት በአንድ ምሥክር ቃል ብቻ አይፈረድም። የአይጧም ምሥክርነት እንዲሁ መመርመር አለበት።

በ1999 ተመራማሪዎች አይጦችን በአሚሎይድ ከተቧቸው። በወጣትነታቸው የተከተቡት ዝቃጩ ሳይከማችባቸው ቀረ፤ የሸመገሉትም ተሻላቸው። ደስታው ታላቅ ነበር። ክትባቱ ለሰው ሲሰጥ ግን ከወሰዱት 300 ያህል ሕመምተኞች መካከል 18ቱ አንጎላቸው ተቆጣባቸው። ሙከራው በ2002 ቆመ። በአይጦቹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር።

የተገላቢጦሹም ሆኗል። በአሜሪካ በፒትስበርግ ዊልያም ክላንክና ቼስተር ማቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ዝቃጩ ላይ ተጣብቆ በአንጎል ሥዕል ላይ የሚያበራ ንጥረ ነገር ሠሩ። በ2002 በስዊድን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ተሰጠ፤ ዝቃጩም በሥዕሉ ላይ ታየ። በ2005 የወጣው ጥናት ግን ይኸው ንጥረ ነገር ዝቃጭ በሞላባቸው አይጦች ሥዕል ላይ እንደ ሰው እንደማይታይ አመለከተ። የአይጥ ዝቃጭና የሰው ዝቃጭ ፍጹም አንድ አይደሉምና። አይጧን ብቻ ያመነ ሰው ይህን የመሰለ መሣሪያ በጣለው ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ አይጦች አሚሎይዱ ይከማችባቸዋል እንጂ የታው ክር አይቋጠርባቸውም፤ የነርቭ ሴሎቻቸውም እንደ ሰው በብዛት አያልቁም። የተጨመረባቸው ጂን ደግሞ የተወሰደው ከጥቂት ቤተሰቦች ነው፤ እንዲህ በቀጥታ በዘር የሚተላለፈው በሽታ ከመቶ ሕመምተኞች የአንዱን ያህል እንኳ አይሞላም። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች ወደ ሸመገለ ውሻ ተመልክተዋል። የውሻ አሚሎይድ ከሰው ጋር አንድ ነው። ውሻ ሲያረጅ ማንም ጂን ሳይጨምርበት ዝቃጩ በአንጎሉ ይከማቻል። የቤቱን በር የሚስት፣ ሌሊት ያለ ምክንያት የሚዞር ያረጀ ውሻ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

እንስሳትን ማሠቃየት ኃጢአት አይደለም ወይ? ብለው የሚጠይቁን አሉ። በእሥራኤል በ1994 የወጣ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት በእንስሳ ላይ ሙከራ የሚፈቀደው ዓላማውን በሌላ ተገቢ መንገድ መፈጸም ካልተቻለ ነው፤ ያለ ፈቃድም አይሠራም። ከእንስሳት ሙከራ ተነሥቶ ለሕመምተኛ የደረሰ ነገር በዚህ አገርም አለ። ብዙ የአልዝሃይመር ሕመምተኞች የሚወስዱት፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኤክሰሎን የተባለው መድኃኒት መነሻው በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርታ ዋይንስቶክ ሮዚን የሠሩት ሥራ ነው። በሽታውን ባያድንም ምልክቶቹን ለጊዜው ያቃልላል።

ዛሬ የት ተደርሷል?

ታው የተባለው ፕሮቲን በበሽታው ሲለወጥ የሚያሳየው አንድ ዓይነት ምልክት አለ፤ ፒ-ታው 217 ይሉታል። በ2020 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት በደም ውስጥ በመለካት የአልዝሃይመርን በሽታ ከሌሎች የነርቭ በሽታዎች በሚገባ መለየት እንደሚቻል አሳተሙ። በሜይ 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ከአሚሎይድ ጋር የሚያመዛዝን የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ። የተፈቀደው የመርሳት ምልክት ለሚታይባቸው ሰዎች፣ በዚህ በሽታ በሠለጠነ ሐኪም ዘንድ ነው። ለጤነኛ ሰው «ወደፊት ይይዘኝ ይሆን?» ለማለት የተፈቀደ አይደለም።

በጊዜ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ሌካነማብ የተባለ መድኃኒት አለ። እሱም መነሻው በስዊድን አገር በአይጦች ላይ የተሠራ ሥራ ነው። በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ ከመቶ በ27 ቀንሷል። አያድንም፤ የአንጎል ማበጥና መድማትም ሊያስከትል ስለሚችል ብርቱ ክትትል ይጠይቃል። የሚሰጠውም በሽታው ገና ሲጀምር ብቻ ነው። የዘገየ ሰው አይደርስበትም።

ይሁን እንጂ የደሙም ምሥክርነት ብቻውን አይበቃም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ፒ-ታው ያለ አልዝሃይመር ሊጨምር ይችላል። አብዛኛው ጥናት የተደረገው ዘራቸው ከአውሮፓ በሆነ ሰዎች ላይ ስለሆነ ልኩ ለሌሎችም በትክክል መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። ለዚህ ደግሞ እንደ እኛ ያለ ማኅበረሰብ በጥናቱ ውስጥ መገኘት ይኖርበታል።

ደም ሲነሣ ልባችን የሚቆስልበት ምክንያት እንዳለም እናውቃለን። በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበረ ሲታወቅ የደረሰው ሐዘን ገና ከሰው ልብ አልወጣም። አዲስ የገባችሁም ሰምታችሁት ይሆናል። ነገር ግን በዚያው በ1996 በዚህ አገር የሕመምተኛ መብት ሕግ ወጥቷል። ሐኪሙ ምን ሊያደርግ እንደፈለገ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለሕመምተኛው ሊገባው በሚችል መንገድ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ደም ከመስጠታችሁ በፊት «ለምን ነው? ለሕክምና ነው ወይስ ለጥናት? ውጤቱን ማን ያየዋል?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እስኪገባችሁ ድረስ አትፈርሙ። ገብቷችሁ እምቢ ማለትም፣ እሺ ማለትም የእናንተ ነው።

ቤተሰብ ዛሬ ምን ያድርግ?

አዲሱ የደም ምርመራ በየኩፓው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ከእናንተ የምንለምነው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ያያችሁትን ያዙ። መርሳቱ መቼ ጀመረ? ቶሎ ነው የባሰው ወይስ ቀስ በቀስ? ሐኪሙ በወረቀት የማያገኘውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ዕድሜዋን በሙሉ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ሊጡን ማቡካት ከረሳች፣ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የነበሩ አባት የልጃቸውን ስም ካጡት፣ ይህ ከማንኛውም ፈተና የበለጠ ይናገራል። ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ሂዱ። ሊድኑ የሚችሉት ምክንያቶች በተራ የደም ምርመራ እንዲፈተሹ፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች እንዲታዩ፣ ጆሮና ዓይን እንዲመረመር ጠይቁ። ካስፈለገም ወደ አረጋውያን ሐኪም ወይም ወደ ሚርፓአት ዚካሮን እንዲልካችሁ ጠይቁት።

ሦስተኛ፣ ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ። የልጅ ልጅ ፊት አያት ገመናውን አይናገርም፤ ልጁም የሚከብደውን ነገር እያለሳለሰ ይተረጉማል። የአማርኛ አስተርጓሚ ወይም ሜጋሸር እንዲመጣላችሁ፣ ካልሆነም በስልክ እንዲተረጎምላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሐኪሙንም «አባታችን ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ዘመን የሚቆጥሩትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» በሉት። ይህች አንዲት ቃል ውጤቱን ልትለውጥ ትችላለች።

አራተኛ፣ መብታችሁን እወቁ። ዕድሜያቸው ለጡረታ የደረሰና በቤታቸው የሚኖሩ፣ ለመልበስ፣ ለመታጠብ፣ ለመብላት የሰው እርዳታ ወይም ጠባቂ የሚያስፈልጋቸው አረጋውያን ከቢቱዋሕ ለኡሚ ጊምላት ሲዑድ የሚባለውን እርዳታ መጠየቅ ይችላሉ። ሕጉ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ለአዲስ ገቢዎች ያለውን ሁኔታ የመርካዝ ክሊታ ወይም የአካባቢያችሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ ያስረዳችኋል። በተጨማሪም ሰውየው ገና አእምሮው ሙሉ ሳለ፣ ወደፊት ስለ ጤናውና ስለ ንብረቱ ማን እንደሚወስንለት በሕግ የሚፈርምበት ይፑይ ኮአሕ ሚትማሼሕ የሚባል ውክልና ከ2017 ጀምሮ አለ። ቶሎ የታወቀ በሽታ ሽማግሌው ፈቃዳቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ጊዜ ይሰጣል።

አምስተኛ፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ተቆጣጠሩ። በ2024 የወጣ አንድ የታወቀ የዓለም ሐኪሞች ጉባኤ ሪፖርት ከመቶ ዴሜንስያ 45 ያህሉ ሊከላከሉት ወይም ሊያዘገዩት ከሚቻል ነገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ከእነዚህም መካከል የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ መድከም፣ ሲጋራ፣ አካልን አለማንቀሳቀስና ብቸኝነት ይገኛሉ። ቀኑን ሙሉ በሩ ተዘግቶባቸው ብቻቸውን የሚውሉ አባትና እናት ካሉ አስወጧቸው፤ ወደ አረጋውያን ክበብ፣ ወደ ዘመድ ቡና ውሰዷቸው። በእግራቸው ይሂዱ፤ ይጫወቱ።

ውድ አንባቢያን፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መርሳት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። በአይጧ ደም የተጀመረው ፍለጋ ወደ ሰው ደም ደርሷል፤ አንድ ቀን ለእናንተም ኩፓ ይደርስ ይሆናል። ያ እስኪሆን ድረስ ግን ለአዛውንቱ ቅርብ የሆነው ምሥክር አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። ያያችሁትን ለሐኪሙ ንገሩ። ጥያቄ ካላችሁም ወደ እኛ ኑ፤ በአማርኛ እንነጋገራለን።